ውኃ በ92 ዲግሪ ሲፈላ፦ ለፕላዝማው ትውልድ የቀረበ ጥሪ

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ዘጠነኛ ክፍል የገባን ሰዎች ዛሬ ሠላሳ አምስቱን ተሻግረናል። ስም ይውጣላችሁ ከተባልን የፕላዝማ ትውልድ ነን። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ተቀርጾ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ወደየክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን እየተለቀቀ፣ ጎንደር ያለውም ሞያሌ ያለውም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ ላይ ይውል ነበር። መምህሩ ሲጀመር ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ሲያልቅ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መካከል ያለውን ግማሽ ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ እንደኛው ያያል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ «እስኪ ይህን ሥሩ» ብላ ሰዓት ታስቆጥራለች፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ትሰጣለች። ቆይልን አይባልም፣ ድገሚልን አይባልም። መብራት ከሄደማ ምዕራፉም አብሮ ሄደ።

ፕላዝማውን ለመርገም አልተነሳሁም። የፊዚክስ መምህር የሚባል ጭራሽ ያልነበረው ትምህርት ቤት ብዙ ነበር፤ እዚያ ስክሪኑ ከምንም ይሻል ነበር። አንድ ነገር ግን ወስዶብናል። አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ፣ ቀለሙ ሲለወጥ አይተናል፤ ቱቦውን የያዘው እጅ ግን የኛ አልነበረም፣ የመምህራችንም አልነበረም። ሳይንስ ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የሚሠራው ነገር ሆኖ ጭንቅላታችን ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከሚያስተምሩት መካከል ብዙዎቹ የዚህ ትውልድ ልጆች ናቸው። የመምህራን ኮሌጅ ገብተው መምህራንን የሚያሠለጥኑም አሉ። ቀሪዎቻችን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን፣ ፕሮግራመር ሆንን፤ ከፊላችን አዲስ አበባና ባሕር ዳር፣ ከፊላችን ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ወይም ዱባይ ነን። የምጽፈው ለሁላችንም ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ ከእንግዲህ የሚመጣው የሳይንስ መምህር ተማሪ ፊት ከመቆሙ በፊት ሳይንስን በገዛ እጁ የሠራ ይሁን። ይህ እንዲሆን ደግሞ እኛ እንፈለጋለን።

አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ የመምህራንን ሕይወት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ስሌት አለ። አንድ ወጣት ማሠልጠኛ ሲገባ፣ በተማሪነት ዘመኑ 13,000 ሰዓት ያህል ሌሎች ሲያስተምሩ እያየ ኖሯል። ስለዚህ ማሠልጠኛው ባዶ ሰው አይቀበልም። ማስተማር ምን እንደሚመስል ገና ድሮ የወሰነ ሰው ነው የሚመጣለት፦ ሰሌዳ፣ ማስታወሻ ማስገልበጥ፣ ጸጥታ፣ ፈተና። በዚህ ላይ ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ አንድ ኮርስ ቢጨመርበት፣ ያውም ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻውን በሚያወራ አስተማሪ ቢሰጠው፣ ምን ይለወጣል? (በዚህ ነገር ኮሌጅ የገባ ሁሉ ስቆበታል፤ ብዙዎቻችን የሳቅነው ማስታወሻ እየገለበጥን ነው።) ልጁ ክፍል ሲገባ የሚያስተምረው እንደተማረው ነው። ያንን የሚያስጥለው እንደገና ተማሪ ሆኖ ሌላ ዓይነት ሳይንስ የመሥራት ዕድል ሲያገኝ ነው።

ያ ምን እንደሚመስል ያየሁትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እጩ መምህራን በቡድን ተከፋፍለው ውኃ ያፈላሉ። ዕቃው ከየቤቱ የመጣ ነው፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ለየቡድኑ አንድ ቴርሞሜትር። የታዘዙት የሕፃን ሥራ ይመስላል፤ ውኃው እስኪንተከተክ ድረስ ሙቀቱን በየደቂቃው መመዝገብ። ውኃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ደረሰና ቆመ። አንደኛው ቡድን ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ከጎረቤት ተዋሰ፤ እሱም 92 አለ። ሁለተኛው ቡድን ውኃው ንጹሕ ስላልሆነ ነው አለ። ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ያለች ልጅ ቃል ሳትተነፍስ ደብተሯ ላይ 100 ብላ ጻፈች። አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ «ስንት ላይ አነበብሽው?» አላት።

«92።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈተና ላይ የሚመጣው 100 ነዋ።»

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ፤ እሷም ሳቀች። ልጅቷ ግን ሰነፍ አይደለችም። ዲግሪዋን ይዛ የመጣች ናት። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል መሆኑን ብትጠይቋት አንድ ቃል ሳታዛንፍ ትነግራችኋለች። አየሩ ከፍታ ላይ እንደሚሳሳም ታውቃለች። ሁለቱን እውቀት አንድ ላይ አምጥታ፣ ፊቷ ካለው ማንቆርቆሪያ ጋር ያገናኘቻቸው ቀን ነው የጠፋው። መጽሐፉና ቴርሞሜትሩ ሲጣሉ ለማን እንደምትፈርድ ማንም አላስተማራትም።

አሠልጣኙ መልሱን አልነገራቸውም። «ደብረ ብርሃን ያደገ አለ?» አለ። አንድ እጅ ተነሳ። «መተማስ?» ሌላ እጅ። «ባቄላ ለመቀቀል የማን እናት ብዙ ማገዶ ይፈጅባቸዋል?» ከዚህ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። የደብረ ብርሃኑ ልጅ እናቱ ዘንድ ደወለ። እሳቸውም ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ባቄላ መጠየቁ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ከማታው ካልተዘፈዘፈ ግማሽ ቀን ይፈጃል አሉት። ከዚያ ካርታ ተዘረጋ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800፣ ባሕር ዳር 1,800፣ መተማ ከ700 ሜትር በታች። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ሲቀንስ ግራፉ ቀጥ ብሎ ወረደ፦ ባሕር ዳር 94፣ ደብረ ብርሃን 91 ግድም፣ መተማ 98 ግድም። ከባሕር ጠለል በታች ያለው ዳሎል ላይ ውኃው ከ100 በጥቂቱ አልፎ እንደሚፈላ አንዱ ራሱ አስልቶ አገኘው፤ ጮኸ ማለት ይቻላል። ሌላው ስልኩ ውስጥ የአየር ግፊት መለኪያ እንዳለ ያወቀው ያን ቀን ነው፤ ንባቡ ከባሕር ጠለሉ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻው ሥራ ንድፍ ነበር፦ ደጋ ላይ ያለች እናት በትንሽ ማገዶ ባቄላ እንድታበስል ምን ይደረግላት? መዘፍዘፍ፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት፤ የድስቱ መተንፈሻ ቢደፈን ምን አደጋ ይመጣል? እዚህ ላይ ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ሄደ።

ስቴም የሚባለው፣ ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምሕንድስናንና ሒሳብን የሚያቀናጀው ትምህርት ከነሙሉ ትርጉሙ በዚያ ጠዋት ውስጥ ነበረ። ሳይንሱ፣ መሣሪያው፣ ንድፉና ሒሳቡ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ፤ አሁን የማን ክፍለ ጊዜ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እጩዎቹም ተለወጡ። ያልጠበቁት ውጤት ሲመጣ መደንገጥ ትተው መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ንባብ እንደማይበቃ፣ ደጋግሞ መለካት እንደሚያስፈልግ፣ በሁለት ቡድን ውጤት መካከል ያለው የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ውሸት ሳይሆን የመለኪያው ባሕርይ እንደሆነ ተከራክረው ደረሱበት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ተማሪዎቻቸው ነገ የት ላይ እንደሚሰናከሉ አወቁ፤ ራሳቸው እዚያው ቦታ ላይ ተሰናክለው ነበርና። ሊ ሹልማን የተባለው የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድን ነገር ማወቅና ያንን ነገር ለሌላ ሰው እንዲገባው አድርጎ ማቅረብ ሁለት የተለያዩ እውቀቶች መሆናቸውን ጽፎ ነበር። ሁለተኛው እውቀት በገለጻ አይተላለፍም። ማንቆርቆሪያው አጠገብ ቆሞ መሳሳትን ይፈልጋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ያ ሁሉ ክርክር የሄደው በአማርኛ ነው፤ ሪፖርቱ ሲጻፍ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያመልጡበት መንገድ የላቸውም። እኔ ግን መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ ቢጣሉ፣ ኋላ በሚፈተኑበት ቋንቋ ቢጽፉ እላለሁ። በእንግሊዝኛ ተከራከሩ ቢባሉ ኖሮ የሚናገሩት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ የባቄላው ነገርም ባልተነሳ።

በአገራችን ስቴም ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሮቦት፣ ድሮንና ኤግዚቢሽን ነው። ሮቦት አልጠላሁም። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ ከተከለው ማዕከል ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱት የስቴም ማዕከላት ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከኤሌክትሮኒክስና ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝተዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ትኩረታቸው ግን ተመርጦ የሚመጣው ተማሪ ላይ ነው። ልጁ ቅዳሜ ማዕከሉ ገብቶ ሰርኪዩት ይገጥማል፤ ሰኞ ተመልሶ ሰርኪዩት ነክቶ የማያውቅ መምህር ፊት ይቀመጣል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዓመት 5 ክፍል ቢይዝ፣ በየክፍሉ 50 ተማሪ ቢኖር፣ 30 ዓመት ቢያስተምር 7,500 ልጅ በእጁ ያልፋል። የማዕከሉን በር ለእጩ መምህሩ መክፈት የቱን ያህል እንደሚያዋጣ ሌላ ስሌት አያሻውም።

ለነገሩ ታላላቅ ሥራዎቻችን ከሮቦት አልጀመሩም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ ነው። እንዶዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ የአገሩ ሴት ሁሉ ታጥብበታለች። እሳቸው ግን እዚህ ለምን ሞቱ፣ ከላይ ለምን አልሞቱም ብለው ጠየቁ፤ ከዚያም በላቦራቶሪ አረጋገጡት። ለዚህ ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የባዮሎጂ እጩ መምህራንን ወንዝ ዳር ወስዶ፣ ከላይና ከታች ያለውን ውኃ አስቀድቶ፣ ምን እንደሚኖርበት በጉሊ መነጽር ማስቆጠር ምን ያህል ብር ይጠይቃል?

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሰምተንም ደንግጠናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ወሬው ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ልጆቹ ስንፍና፣ ስለ ቲክቶክ ሆነ። ጦርነትና ግጭት በር ያዘጋባቸው ትምህርት ቤቶች ስንት እንደሆኑ የተናገረ ጥቂት ነው፤ መምህሩ ምን ይዞ ክፍል እንደገባ የጠየቀ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። መምህሩ የት ተማረ ብንል ደግሞ ወደ ራሳችን ዘመን እንመለሳለን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70/30 የተባለው መመሪያ ሲመጣ አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተመደበ፤ ላቦራቶሪው ግን በተማሪው ቁጥር ልክ አላደገም። አንድ ማይክሮስኮፕ በሠላሳ ልጅ ተከቦ፣ ከፊቱ የቆመው ሲያይ ከኋላ ያለው የሚሰማው «ታየህ?» የሚለውን ብቻ ነበር። ብዙው መምህርነትን መርጦ የገባበት አይደለም፤ የሚፈልገው ክፍል ሳይደርሰው ሲቀር የተላከበት ነው። ከዚያ ለዓመታት በተሠራበት አሠራር፣ ሳይንሱን ጨርሶ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ጨመረና ክፍል ገባ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መምህራንን ማፍራት ዋና ሥራው እንዲሆን መደረጉ ጥሩ ጅምር ነው፤ ስም መለወጡ ግን የላቦራቶሪውን ቁልፍ አይከፍትም።

ቁልፍ ያልኩት በዘይቤ አይደለም። በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ካርቶኑ ያልተፈታ ዕርዳታ አለ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርገው መምህር ግን ፈርሞ መረከብ አለበት። ቢከሩ ቢሰበር ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። የመምህሩን ደመወዝ እናውቃለን፤ ቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈውን እናውቃለን። ስለዚህ አይወስድም። ዕቃው ተቆልፎ ያረጃል፣ ኬሚካሉ ቀኑ ያልፍበታል፣ ኦዲተር ሲመጣ ግን አንድም የጎደለ የለም። የሚሰበር ብርጭቆ የሌለው ላቦራቶሪ ማንም ያልሠራበት ላቦራቶሪ ነው። የኮሌጅ ዲኖች ሆይ፣ ለስብራት የሚሆን ዓመታዊ ሒሳብ ያዙ፤ ከዚህ የቀለለ ማሻሻያ አላውቅም።

ታላላቆቻችን እንዲህ ባለ ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1955 ዓ.ም. የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓዶችና ከህንድ የመጡ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን የሁለተኛ ደረጃውን ክፍተት ሲሸፍኑ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ የራሱን ተማሪዎች አዘመተ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም ያስተምር ነበር። የዛሬ አያቶች «እኛን ያስተማረን የዩኒቨርሲቲ ዘማች ነው» ሲሉ የሰማን አለን። ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመተ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጠረ። እነዚህን ዘመቻዎች አላስጌጣቸውም። በትዕዛዝ የተደረጉ ናቸው፣ ብዙ ወጣት ወዶ አልሄደም፣ ሄዶ ያልተመለሰም አለ። እኔ ዘመቻ ይታወጅ አላልኩም፤ ከበሮና መፈክር ይቅርብን። የምለው፣ ከኛ በፊት የነበረው ትውልድ ሁሉ በግድም በውድም ለክፍሉ አንድ ነገር ሰጥቶ ነው ያለፈው። እኛ እስካሁን የሰጠነው የፌስቡክ አስተያየት ነው።

ስለ መስጠት ካነሳን የፊዚክስ ምሁሩ ሙሉጌታ በቀለ ይበቁናል። በደርግ ዘመን ታስረው፣ ተገርፈው፣ እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ሳይንስና ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጣቸው። ከእስር ወጥተውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ቀጠሉ። ላቦራቶሪ የለም፣ በጀት የለም፣ ጊዜ የለም የሚል ሁሉ ይህን ታሪክ ሰምቶ ቢቀጥል ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ማን ምን ያድርግ? የምለው፣ ባለሙያው በወር አንድ ቅዳሜ ከእጩ መምህራን ጋር ይዋል።

ኮንስትራክሽን ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በየሳይታችሁ የኮንክሪት ናሙና ትወስዳላችሁ። 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተጣለውን ኪዩብ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ትሰብሩታላችሁ። ስድስት እጩ መምህራን መጥተው ራሳቸው ይጣሉት፣ አንዱን ውኃ ውስጥ አንዱን ፀሐይ ላይ ያቆዩት፣ በ28ኛው ቀን መጥተው ሲሰበር ይዩት። ሲሚንቶ ይደርቃል ወይስ ከውኃ ጋር ይዋሃዳል የሚለው የኬሚስትሪ ጥያቄ፣ ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚለው የፊዚክስ ጥያቄ፣ አማካይና ልዩነት የሚለው የሒሳብ ጥያቄ አንድ ኪዩብ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሪ እህቴ፣ የወባ ስላይድ በጊምዛ አቅልመሽ ማንበብ ዕለታዊ ሥራሽ ነው፤ ባዮሎጂ ሊያስተምር የተዘጋጀው ልጅ ግን ስዕሉን እንጂ ፓራሳይቱን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ቢራ ፋብሪካ፣ ውኃ ማጣሪያ፣ ግብርና ምርምር፣ ቴሌኮም፣ ጋራዥ ያላችሁ ሁሉ እንዲሁ ናችሁ። ሜካኒኩን አትርሱት፤ ስለ ሙቀትና ግፊት ከሞተር የተሻለ የሚያስተምር ነገር ያየሁ አይመስለኝም።

አንድ ልመና ግን አለኝ፤ ገለጻ ይዛችሁ አትምጡ። ፓወር ፖይንት ይቅር። ሥራ ቦታችሁ ላይ ያስቸገራችሁን አንድ እውነተኛ ችግር ይዛችሁ ኑና ልጆቹ ይታገሉበት፤ መልሱን ብታውቁትም አፋችሁን ያዙ። ይህ ለመሐንዲስ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ውጭ አገር ያላችሁት፣ አሮጌ ኮምፒዩተር በኮንቴይነር መላኩ ይበቃል አልልም፤ ጊዜያችሁን እንፈልገዋለን። የዋሽንግተን ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለሁለቱም ወገን የሚመች ሰዓት ነው። አንድ ባለሙያ ከሦስት እጩ መምህራን ጋር ሆኖ፣ ልጆቹ የራሳቸውን ምርምር ሲነድፉ በየሁለት ሳምንቱ በስልክ ቢጠይቃቸው፣ ቢሞግታቸው፣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ቢያርምላቸው ብዙ ነው። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፌት የተባለው ነጻ የሳይንስ ማስመሰያ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ በፍላሽ አስገብቶ መላክ ይቻላል። ማስመሰያው ግን ከማንቆርቆሪያው በኋላ ይምጣ። አስቀድሞ ከመጣ ያው ፕላዝማ ነው።

ማሠልጠኛ ውስጥ ያላችሁ አሠልጣኞች፣ እናንተም እንደኛው በስክሪን የተማራችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ ከእጩዎቹ ጋር አብራችሁ ጀምሩ፣ አያሳፍርም። የቅዳሜው ሥራ በተግባር ልምምዱ ውጤት ላይ ይታሰብ። የምዘናው አንድ ክፍል እጩው ራሱ ነድፎ የሠራው ምርመራ ይሁን፤ ያልተሳካው ንባብም አብሮ ይቅረብ። 92 ብሎ የጻፈ ልጅ 100 ብሎ ከጻፈው የበለጠ ነጥብ ያግኝ። እናንተ እጩዎች ደግሞ፣ መምህርነት ቢደርሳችሁም ብትመርጡትም፣ እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ዝም ብላችሁ አትቀበሏቸው፤ ክፍል ውስጥ የማይሠራ ሐሳብ ካመጡ በግልጽ ንገሯቸው። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል የሚሆነውንና የማይሆነውን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሁሉ የመምህሩን ደመወዝ አይተካም። ይህን ጥሪ ይዞ «ባለሙያው በነጻ ይሠራላችኋል» ብሎ በጀት የሚቀንስ ቢሮ ቢመጣ ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። በየመድረኩ መምህር ሻማ ነው ሲባል አልወደውም፤ ሻማ እያበራ ያልቃል፣ እኛ የምንፈልገው የማያልቅ መምህር ነው። የደመወዙን ጥያቄ ከመምህራኑ ጋር አብረን እንጠይቅ፤ ቅዳሜውን ግን እስከዚያ አናቆየው።

በአቅራቢያችሁ ኮሌጅ አይጠፋም። ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወልድያ፣ ሰቆጣ፣ ዓድዋ፣ ዓቢይ ዓዲ፣ ጅማ፣ አሰላ፣ ነቀምት፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና፣ ቦንጋ፣ ጋምቤላ፤ መምህራን የሚሠለጥኑበት ቦታ ይህን ያህል ነው፣ ከዚህም ይበዛል። ከምትሠሩበት ቦታ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ለዲኑ ደብዳቤ ጻፉ። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠሩ፣ ይዛችሁት የምትመጡት ችግር የቱ እንደሆነ፣ በወር የትኛው ቅዳሜ እንደሚመቻችሁ። መልስ ከዘገየ በአካል ሂዱ፤ መዝገብ ቤት ደብዳቤ እንደሚጠፋ የማያውቅ የለም። ስትሄዱ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያኑን በስም ጠይቁ፣ ግምጃ ቤቱን አብራችሁ ክፈቱ፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለዩ። ለማይክሮስኮፑ አምፖል፣ ለሚዛኑ ባትሪ ግዙ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በዚህ ያልቃል፤ ሁለተኛው ላይ እጩዎቹ ይምጡ።